ጥርት ያለውን ኒስኳሊ ፍለጋ፤ በበረዶ ጫካ ውስጥ የሦስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ባለፈው ነሐሴ የኒስኳሊን ወንዝ ያነሳንበት ፊልም ታጥቦ ሲመጣ ወንዙ ሲሚንቶ የተበጠበጠበት ውሃ መስሎ ወጣ። ጥፋቱ የፊልሙም የካሜራውም አልነበረም፤ በሞቃቱ ወራት የኒስኳሊ ውሃ በእርግጥም እንዲያ ነው። ወንዙ የሚነሳው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ካለው ከሬይኒየር ተራራ ደቡባዊ ጎን ከሚወርደውና ስሙን ከሚጋራው የበረዶ ግግር ሥር ሲሆን፣ ግግሩ በራሱ ክብደት ቁልቁል ሲንፏቀቅ ከሥሩ ያለውን ዓለት እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል፤ ሙቀቱ ሲመጣም የሚቀልጠው ውሃ ያንን የድንጋይ ዱቄት ተሸክሞ ይወርዳል። በክረምት ግን መቅለጡ ስለሚቀንስ ዱቄቱም ይቀንሳል፣ ውሃውም ይጠራል። ክረምት ስል የዚህን አገር የቅዝቃዜ ወራት ማለቴ እንጂ ሰኔና ሐምሌን ማለቴ አይደለም።

ይህን ያስረዱኝ የጉዞ ባልደረባዬ ናቸው። ጋሼ ብዬ ስለምጠራቸው እዚህም በዚያው ልጥራቸው። ፒያሳ ውስጥ በአንድ ፎቶ ቤት ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል፤ የሙሽሮችን፣ የተመራቂዎችንና የፓስፖርት ፈላጊዎችን ፊልም በጨለማ ክፍል ሲያጥቡ ኖረው ነው በስተርጅና ልጆቻቸውን ተከትለው ወደ ሲያትል የመጡት። እኔ በዲጂታል ካሜራ በአንድ ቀን አራት መቶ ፎቶ አነሳለሁ፤ እርሳቸው ግን እስከ ዛሬ የሚይዙት በአንድ ጥቅል አሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ የሚያነሳውን ባለ 120 ፊልም ካሜራቸውን ነው። የነሐሴውን ፎቶ ካዩ በኋላ፣ «በጥር እንመለሳለን፤ ይህ ወንዝ ፊቱን አልታጠበም» ብለው ነበር። በጥር አጋማሽ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ የሚውልበት ሰኞ ከቅዳሜና እሑድ ጋር ሲገጥም ሦስት ቀን አገኘን። ማክሰኞ ከተራ ስለነበረና ጋሼ ታቦት ሳይሸኙ መቅረትን ፈጽሞ ስለማያስቡት፣ ሰኞ ማታ ቤታችን መግባት ግዴታ ሆነ።

ቅዳሜ

ከሲያትል የተነሳነው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋ ነው። መኪናው ውስጥ ከካሜራዎቹ ሌላ የጎማ ሰንሰለት ጭነናል፤ በሬይኒየር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ማንኛውም መኪና፣ አራቱም ጎማው የሚነዳ ቢሆን እንኳ፣ ሰንሰለት ይዞ እንዲገባ ደንቡ ያስገድዳል። ስንቃችን ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ሁለት ፔርሙስ ሻይ ነበር። ለልጆቻቸው ደግሞ የት እንደምንሄድ፣ በየትኛው የወንዙ ዳር እንደምንሆንና እስከ ስንት ሰዓት ካልደወልን ለፓርኩ ጠባቂዎች ማሳወቅ እንዳለባቸው በወረቀት ጽፈን ትተንላቸዋል።

ኤልብ ከምትባለው ትንሽ መንደር ጥቂት ቀደም ብሎ አውራ ጎዳናው የአልደርን ሐይቅ ዳር ይዞ ይሄዳል። ሐይቁ ተፈጥሯዊ አይደለም፤ በ1945 ዓ.ም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተጠናቀቀው የአልደር ግድብ የኒስኳሊን ውሃ አቁሮ የፈጠረው ነው። ውሃው በጎደለበት ዳርቻ ግድቡ ሳይሞላ በፊት የተቆረጡ የዛፍ ጉቶዎች ከጭቃው ውስጥ ወጥተው ይታያሉ። ወንዙ ከዚህ ወርዶ፣ ከምንጩ ጀምሮ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ፒዩጀት ሳውንድ ከሚባለው የባሕር ወሽመጥ ይገባል፤ እዚያ ታች ያሉት ስሙን የሰጡት የአገሩ ነባር ነዋሪዎች፣ የኒስኳሊ ሕዝቦች ናቸው። በ1854 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈረመው ውል የተጠበቀላቸውን ዓሣ የማጥመድ መብት ለማስከበር ከመካከላቸው የወጡት ቢሊ ፍራንክ ጁኒየር ገና በአሥራ አራት ዓመታቸው በዚሁ ወንዝ ዳር መታሰራቸውን፣ ክርክሩም እስከ 1974ቱ የዳኛ ቦልት ፍርድ ድረስ መዝለቁን ለጋሼ ስነግራቸው መኪናው እንዲቆም ጠየቁ። ወርደው ውሃውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ፎቶ ግን አላነሱም፤ ሐይቁ ገና ግራጫ ነበር።

አሽፎርድ ከተከራየናት ትንሽ ጎጆ ዕቃችንን አውርደን፣ የፓርኩን በር አልፈን፣ ከፍታው 840 ሜትር ከሆነው ሎንግማየር ስንደርስ 7 ሰዓት ሆኗል። ከዚያ በላይ፣ ተራራው ላይ ከፍ ብሎ ወዳለው ፓራዳይዝ የሚወስደው መንገድ በረዶው ሲበዛ ስለሚዘጋ እኛም አልተመኘነውም። ፓራዳይዝ በዓመት በአማካይ ወደ 16 ሜትር የሚደርስ በረዶ ይወርድበታል፤ በ1971 እና 1972 መካከል ባለው አንድ ክረምት ደግሞ ከ28 ሜትር በላይ ወርዶበታል። የሬይኒየር ተራራ በከፍታ ከራስ ዳሸን ጥቂት ዝቅ ይላል። ራስ ዳሸን ላይ ግን ብልጭ ብሎ የሚጠፋ በረዶ ብቻ ሲኖር፣ እዚህ ከሃያ የሚበልጡ ግግሮች ዓመቱን ሙሉ ተኝተዋል፤ ለምድር ወገብ ያለው ርቀትና ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ያመጡት ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ የቅኝት ብቻ ነበር። ከሎንግማየር ተነስቶ ወደ ኩገር ሮክ የሚወስደውና ተራራውን በሙሉ የሚዞረው የ150 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ አካል የሆነው ጎዳና ወንዙን በቀኝ እያደረገ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል በጫካ ውስጥ ይሄዳል። ሌሎች ተጓዦች የረገጡት ስለሆነ በረዶው ጠንክሯል፤ ችግሩ ከመንገዱ ላይ ወንዙ የሚታየው በግንዶች መካከል ተቆራርጦ መሆኑ ነው። ላይ የእንጨት ድልድይ ያለበት ቦታ ክፍት ነው፣ ግን ሰው ሁሉ የሚያነሳው ከዚያ ነው። ጋሼ የፈለጉት ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ በቋጥኝ የተሞላ ደሴት ዙሮ እንደገና የሚገናኝበትን ጥምዝ ነበር። ከመንገዱ ላይ ሆነን በቅርንጫፎች መሃል አየነው፤ በሁለት መቶ ሜትር ይርቃል ብዬ ገመትኩ፣ በማግስቱ እንደታየው ግምቴ ስህተት ነበር።

ማታ ጎጆው ውስጥ የራሴ ጥፋት አገኘኝ። ካሜራዬን ከውጭው ብርድ በቀጥታ ወደ ሞቀው ክፍል አስገብቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሌንሱ መስተዋት ከውጭም ከውስጥም በላብ ተሸፈነ። ጋሼ የራሳቸውን ገና መኪና ውስጥ ሳሉ በፕላስቲክ ከረጢት አስረው ነበር፤ እርጥበቱ ከረጢቱ ላይ እንጂ ካሜራው ላይ አልሰፈረም። እኔ ሌንሱ እስኪደርቅ እኩለ ሌሊት ድረስ ተቀምጬ ጠበቅሁ። እርሳቸው «ጨለማ ክፍል ውስጥ እንኳ በር የሚከፈትበት ሥርዓት አለው» ብለው ተኙ።

እሑድ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገና ከዛፎቹ ጀርባ እያለች፣ የበረዶ ጫማችንን አሰርን። የበረዶ ጫማ ላላየው ሰው ከእግር ሥር የሚታሰር ሰፌድ መሳይ ነገር ነው፤ ክብደትን ስለሚያሰፋ ሰው በበረዶው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ እስከ ጉልበቱ አይሰምጥም። ከመነሳታችን በፊት የአካባቢውን የናዳ ትንበያ አንብበናል፤ አደጋው ያለው ከላይ ባሉት ገደላማ ተዳፋቶች ላይ ስለሆነና እኛ የምንሄድበት ጫካ ሜዳማ ስለነበረ ተረጋጋን። አቅጣጫችንም ቀላል ነበር፤ በስተቀኝ ወንዙ፣ በስተግራ የመኪናው መንገድ፣ ሁለቱ እንደ አጥር ይዘውናል፤ ብንሳሳት እንኳ ወይ ውሃ ወይ አስፋልት ማግኘታችን አይቀርም።

አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በእግር መንገዱ ከሄድን በኋላ ወደ ቀኝ ተጠመዘዝን። ልዩነቱ ወዲያው ተሰማን። ዳግላስ ፈርና ሄምሎክ የሚባሉት፣ እኛ ሁሉንም ጥድ ብለን የምናልፋቸው ግዙፍ ዛፎች ቅርንጫፋቸው ላይ ያከማቹትን በረዶ ሳይታሰብ ይደፉታል፤ ድምፁ ከሩቅ ጤፍ ከስልቻ ሲፈስ ይመስላል። ከሥር ያለው በረዶ ደግሞ ያልተረገጠ፣ የወደቁ ግንዶችን የደበቀ፣ እዚህ ጠንካራ እዚያ ባዶ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ዘንጉን ቀድሜ እየወጋሁ ስሄድ፣ ሁለት መቶ ሜትር ያልኩት ርቀት አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ።

በመካከሉ አንድ ትልቅ ሄምሎክ አጠገብ ሳልፍ ግራ እግሬ ከሥሬ ጠፋ፤ እስከ ወገቤ ሰመጥኩ። የዛፉ ዝቅተኛ ቅርንጫፎች ጃንጥላ ሆነው በረዶው ከግንዱ አጠገብ እንዳይከመር ስለሚያደርጉ በግንዱ ዙሪያ ልል ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ከላይ ግን ምንም አይታይም። ጥልቅ በሆነ ቦታ ሰው በጭንቅላቱ ከገባ መታፈንን እንደሚያስከትል አንብቤ ነበር፤ አንብቦ መርሳትም ይቻላል ማለት ነው። ጋሼ አልተጠጉም። ባሉበት ቆመው ዘንጋቸውን በርዝመቱ ዘረጉልኝና «አትወራጭ፤ መጀመሪያ ቦርሳህን ወርውር፣ ከዚያ ተኛ» አሉኝ። ቦርሳዬን ወረወርኩ፣ በሆዴ ተኛሁ፣ እየተሳብኩ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ግንድ የቅርንጫፉን ጫፍ ያህል ርቀን ሄድን።

ሁለተኛው እንቅፋት ካርታው ላይ በቀጭን መስመር የተሣለች ጅረት ነበረች። በረዶ ሙሉ በሙሉ ሸፍኗታል፤ የምትታወቀው ከሥር በሚሰማው ጉርጉርታ ብቻ ነው። ዘንጌን ስወጋ ግማሽ ክንድ ያህል በረዶ ካለፈ በኋላ ባዶ ሆነ። ሦስት ቦታ ሞከርን፣ ሦስቱም እንዲያው ነበሩ። በላይዋ ወድቆ የተጋደመ ግንድ ነበር፤ እኔ ልሞክረው ስል ጋሼ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እንግዲህ ወደ እግር መንገዱ ተመልሰን፣ ጅረቷን በእዚያ ባለው ትንሽ ድልድይ ተሻግረን፣ እንደገና ወደ ጫካው መግባት ነበረብን። አርባ ደቂቃ አጠፋን። ከመንገድ መውጣት ማለት አንዳንድ ጊዜ ወደ መንገድ መመለስን መፍቀድ መሆኑን ያን ጊዜ ተናድጄ ነው የተቀበልኩት።

ወንዙ ዳር የደረስነው 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ከመጨረሻዎቹ ዛፎች ስንወጣ የተፈለገው ቀለም ፊታችን ነበር፤ ጥልቅ በሆነበት እንደ ጠርሙስ ሰባራ አረንጓዴ፣ ጥልቀቱ በሳሳበት ደግሞ እያንዳንዱ ጠጠር የሚቆጠርበት ጥርት ያለ ውሃ። ወርዱ በጣም ሰፊ የሆነው የወንዙ አልጋ ግን ከውሃው እጅግ ይበልጣል። በፈረንጆቹ ኅዳር 2006 በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ጥሎ ፓርኩን ለስድስት ወር ካዘጋው ጎርፍ ወዲህ የተጠራረጉት ግንዶችና ቋጥኞች በየቦታው ተከምረዋል። በእያንዳንዱ ቋጥኝ አናት ላይ በረዶው ክብ ሆኖ ተቀምጧል፤ መዝሙረ ዳዊት አመዳይን ከባዘቶ ጋር የሚያስተያየው ለምን እንደሆነ እዚህ ይገባል። ባዘቶ የሚባለውን የተነደፈ ጥጥ ያየ ሰው ሌላ ንጽጽር አይፈልግም።

ወደ ውሃው ልወርድ ስል ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። ፎቶው ውስጥ የሚገባው በረዶ አንዴ ከተረገጠ እስከሚቀጥለው ውርጅብኝ ድረስ የተረገጠ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከዛፎቹ ሥር ቆመን ፎቶው ከየት እንደሚነሳ፣ ጠርዙ ከየት እስከ የት እንደሆነ ተስማማን፤ ከዚያ በታችኛው በኩል ሰፊ ዙሪያ ሄደን፣ ከጀርባ ገብተን፣ አንዳችን የሌላችንን ዱካ እየረገጥን ቦታው ደረስን። ካሜራ ከቦርሳ ሳይወጣ ግማሽ ሰዓት አለፈ። የትራይፖዱ እግሮች በረዶው ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚሰምጡና ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መከለያ፣ ሹተሩ፣ ተከፍቶ ሳለ ካሜራው ስለሚንሸራተት፣ ጋሼ ሦስት የቡና ጣሳ ክዳን ከኪሳቸው አውጥተው ከእያንዳንዱ እግር ሥር አኖሩ።

እኔ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ፎቶዎች አንስቼ ስመለከት በረዶው አመድ ሆኗል። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ፊቱ ነጭ ሲሞላበት ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል። ጋሼ ስክሪኑን አይተው ሳቁ። «ሙሽራ አንስተህ አታውቅም ማለት ነው» አሉኝ። ፎቶ ቤት ሳሉ ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ነጭ ካባ የለበሰች ሙሽራ ስትመጣ መለኪያው ያለውን ተቀብሎ የሚያነሳ ጀማሪ ቀሚሷን የታጠበ አቡጀዴ ያስመስለዋል፤ አዋቂው ግን ከመለኪያው አንድ ተኩል ስቶፕ (ስቶፕ የብርሃን መጠን ደረጃ ነው) ያህል ይጨምራል፤ ሁለት ከጨመረ ደግሞ ጥልፉ ይጠፋል። «በረዶውም ጥልፍ አለው፤ ጥልፉ እንዲታይህ ነው የምትፈልገው» አሉ። አንድ ከሩብ ጨመርኩ። በረዶው ነጣ፣ የነፋሱ ሽንትርም በላዩ ቀረ።

የቀረው ውሳኔ የጊዜ ነው። ሹተሩ ለሠላሳ ሰከንድ ከተከፈተ ወንዙ ወተት ይሆናል፤ እኔ የለመድኩት እንዲያ ያለ ፎቶ ነበር፣ ብዙ ሰውም ይወደዋል። ጋሼ ግን፣ «ከነሐሴ ጀምረን የጠበቅነው ውሃው እስኪጠራ ነው፤ አሁን ደግሞ ልታደፈርሰው ነው?» አሉ። በሌንሱ ላይ የውሃውን ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ፖላራይዘር ፊልተር አዙሬ፣ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰከንድ ድረስ ሞከርኩ። በግማሽ ሰከንድ ውሃው ሞገዱን ይጠብቃል፣ ከሥሩ ያለው ጠጠርም ይታያል። እርሳቸው ብርሃኑ ሲደክም ወደ ሁለት ሰከንድ ሄዱ፤ ፊልም ከአንድ ሰከንድ በላይ ሲጋለጥ ብርሃን የመያዝ አቅሙ ስለሚዝል፣ መጨመር ያለበትን ትርፍ ጊዜ በቃላቸው እያሰሉ በአፋቸው ይቆጥሩ ነበር።

ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ደመና ነበር፣ እኛም የተመኘነው እርሱን ነው፤ ፀሐይ ብትወጣ ፎቶው ላይ በረዶው ይነድና ጫካው ይጠቁራል። ወደ 9 ሰዓት ገደማ ለአምስት ደቂቃ ያህል ደመናው ተገልጦ ተራራው ከወንዙ ራስ ላይ ብቅ አለ። እኔ ካሜራዬን ለማንሳት ተሯሯጥኩ። ጋሼ ግን ካሜራቸውን በኮታቸው ሸፍነው ቆመው አዩት።

ከዚያ ወፏ መጣች። ዲፐር የምትባል፣ ከድንቢጥ ትንሽ የምትበልጥ ደመናማ ግራጫ ወፍ ናት፤ ውሃው በረዶ ሆኖ እስካልረጋ ድረስ ክረምቱን ሙሉ ወንዙን አትለቅም። አንድ ቋጥኝ ላይ አርፋ በጉልበቷ ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ ትላለች፤ ደግሞ ድንገት ወደዚያ በረዶ ውሃ ትገባና ከሥር በጠጠሮቹ ላይ እየተራመደች ነፍሳት ትለቅማለች። ውሃው ጥርት ያለ ስለነበር ከውሃው ሥር ስትሄድ አየናት። ጋሼ በሹክሹክታ «ይቺ ደግሞ ጥምቀትን ቀደመችን» አሉ። አሥራ አንደኛውን ፎቶ ያን ጊዜ አነሱ፤ ወፏ በቋጥኙ ላይ እያለች ሳይሆን፣ ወንዙን ሊያነሱ ሲቆጥሩ በቆጠራው መካከል መጥታ አረፈች።

ከ10 ሰዓት በኋላ ተነሳን። የስልኬ ባትሪ አርባ በመቶ እያለው ከብርዱ የተነሳ ጠፋ፤ የካሜራዎቼን ትርፍ ባትሪዎች በደረት ኪሴ አድርጌ ስልኩን ውጭ መተዌ ሌላው ስህተቴ ነበር። ዱካችንን ተከትለን ተመለስን፤ ከዛፎች የወደቀው በረዶ ግማሹን ደፍኖታል። የመኪናው መንገድ በስተቀኝ እንዳለ እናውቅ ስለነበር አልደነገጥንም፣ ዝም ብለን ግን ነው የሄድነው። ሎንግማየር በራስ መብራት ገባን። ጋሼ ጫማቸውን ሲፈቱ ጣቶቻቸው አልታዘዝ ብለው ማሰሪያውን እኔ ፈታሁላቸው።

ሰኞ

ሌሊቱን ወደ ዝናብ ተለወጠ። ጠዋት እንደገና ወደ ጥምዙ ለመሄድ አስበን ነበር፤ ሎንግማየር ስንደርስ የቋጥኞቹ ነጭ ቆብ ቀልጦ ተንሸራቷል፣ ውሃውም ከፍ ብሎ መደፍረስ ጀምሯል። በወንዙ ዳር ካለው የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አጠገብ ቆመን አዳመጥን፤ ሰሌዳው ከወትሮው የተለየ ጩኸት ከላይ ከተሰማ፣ ተራራው እሳተ ገሞራ ስለሆነና የጭቃ ጎርፍ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከወንዙ ቢያንስ 50 ሜትር ከፍ ወዳለ ቦታ መሸሽን ይመክራል። የተሰማን ከውሃው ሥር ድንጋይ ከድንጋይ የሚላተምበት ደብዛዛ ጉምጉምታ ብቻ ነው። ጋሼ አሥራ ሁለተኛውን ፎቶ እዚህ ሊያነሱ አሰቡና ተዉት። ሻያችንን ጨርሰን፣ ሰንሰለቱን ሳንጠቀምበት፣ ማታ 12 ሰዓት ሳይሞላ ሲያትል ገባን፤ በማግስቱ ጋሼ ነጭ ለብሰው ከተራ ወረዱ።

ፊልሙ ታጥቦ የመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነበር። ከአሥራ አንዱ ሦስቱ ደብዝዘዋል፣ አንዱ ላይ የእኔ ዘንግ ጫፍ ገብቷል። ጋሼ መርጠው ያሳተሙት አሥራ አንደኛውን ነው። በረዶው ከነጥልፉ ወጥቷል፤ ውሃው አረንጓዴ ነው፤ በግራ በኩል ባለው ቋጥኝ ላይ ግን ቁጭ ብድግ ስትል በሁለት ሰከንድ ውስጥ የሟሟች አንዲት ግራጫ ጭረት አለች። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ያቺን ጭረት አቧራ መስላው በጣቱ ሊጠርጋት ይሞክራል፤ ጋሼም ቡናቸውን እየጠጡ ዝም ብለው ያዩታል።